ያልተነፋው ፊሽካ

ባለፈው ኅዳር የጓደኛዬን ልጅ ከልምምድ ልወስድላት፣ ጄኔቫ ፓኪ ሠፈር ወዳለ የትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ገባሁ። በሩን እንደከፈትኩት የጎማ ወለል ሽታ፣ የረጠበ ጃኬት ሽታ፣ ከዚያም አንድ ሰው ጉልበቱን ያሸበት የካምፎር ቅባት ሽታ ተደራርቦ መጣብኝ። ፊሽካ ተነፋ። ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጥቶ፣ ፈረንሳይኛ ቀላቅሎ «አሎር፣ አንሄድም እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ። «አሞሽ ነው?» አለኝ። አላመመኝም። ትዝ ብሎኝ ነው።

ለልጁ አልነገርኩትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። አባቴም እስከ ዛሬ አያውቅም።

ካምፎር የሚሸቱት ጋሽ ደምሴ ነበሩ። የአባቴ የስፖርት አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ከማስተማሩ ጎን የቅርጫት ኳስ ዳኛ ነበሩ፤ የትምህርት ቤቶችንና የኮሌጆችን ውድድር ለብዙ ዓመት ዳኝተዋል። ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ስዊዘርላንድ መጥተው ጥገኝነት ጠየቁ። ለምን እንደመጡ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «በአገር ጉዳይ ነው፣ አንቺ ምሳሽን ብይ» የሚል ነበር። ከስደተኞች ካምፕ ወጥተው ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ እኛ ቤት እንዲኖሩ ሲፈቀድላቸው እናቴ የመተኮሻ ጠረጴዛዋንና ሻንጣዎቹን ከትንሿ ክፍል አወጣችና አልጋ ዘረጋችላቸው። በደብዳቤ ሳጥናችን ላይ ከእኛ ስም ሥር የእሳቸው ስም በነጭ ፕላስተር ተለጠፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊደሉ ወደ ታች እያዘቀዘቀ ሄዶ መጨረሻው ሊወድቅ የደረሰ ይመስል ነበር።

አሥር ዓመቴ ነበር። የሳጥኑ ቁልፍ የሚያዘው በእኔ ነው። አባቴ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብዳቤ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የእኔ ሥራ ሆነ። በዚያ ዕድሜ የተሰጠኝ ትልቁ ሥልጣን እሱ ነው።

ጋሽ ደምሴም ሥራ ስላልተፈቀደላቸው እቤት ውስጥ ለራሳቸው ሥራ ፈጠሩ። ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሱኛል። ከመውጣታችን በፊት የካፖርቴን ዚፕ እስከ አገጬ ድረስ ይዘጉታል። መኪና በሌለበት መንገድ እንኳ አረንጓዴ እስኪበራ ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት እናረፍዳለን። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተሰቡን ጫማ በሙሉ ሰብስበው፣ ውስጡ የተነጠፈውን ሶል እያወጡ ማሞቂያው ላይ ይደረድሩታል። «እግሩ የረጠበ ተጫዋች ሳይመሽ ይደክማል» ይሉ ነበር። ከጠረጴዛ ዳቦ አንስቼ እየበላሁ ስሄድ ሁለት እጃቸውን አንዱን በአንዱ ላይ ያሽከረክሩብኛል፤ ኳስ ሳታነጥሪ ሮጥሽ ማለት ነው። ተመልሼ እቀመጣለሁ።

«ዳኛ ኳሱን አያይም፣ ሊዱ» አሉኝ አንድ ቀን። ስሜ ሊዲያ ነው። «ኳሱንማ ሕዝቡ ያየዋል። ዳኛ እጅ ነው የሚያየው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ስሆን እጄን ኪሴ ውስጥ የመክተት ልማድ ያዘኝ።

እሑድ ጎረቤት ከተማ ኡስተር እንሄዳለን። ጉባኤያችን የስዊሶቹን ቤተ ክርስቲያን ተከራይቶ ከሰዓት በኋላ ያመልካል፤ ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤት ወርደን ሻይ እንጠጣለን። ያን ዓመት ግን ሰውን የሚያስቀምጠው ሻዩ ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነጭ አንሶላ ነበር። የእትዬ አሰለፈች ልጅ ናትናኤል፣ ኡስተር ተወልዶ ያደገ፣ ራሱ የበሩን መቃን የሚነካ ልጅ፣ አሜሪካ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ በቅርጫት ኳስ ምክንያት ወስዶት ነበር። ጨዋታው በእኛ ሰዓት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ስለሚሆን፣ ወንድም ታሪኩ ይቀዳውና እሑድ በፕሮጀክተር ያሳየናል። እስከዚያ ድረስ ውጤት ማየት ክልክል ነው፤ ያየም መናገር ክልክል ነው። አንድ ሰው «ጌታ ይመስገን፣ ናቲዬ እኮ...» ብሎ ከጀመረ ሁሉም ጆሮውን ይይዛል፣ ጥፋተኛው ለአንድ ወር ወንበር ይደረድራል። የወለዱት እናት እትዬ አሰለፈች እንኳ፣ ልጃቸው ሲደውል «አሸነፍክ?» አይሉም። «በላህ ወይ?» ብቻ ነው የሚሉት።

ናቲ ብዙ አይሰለፍም ነበር። የሚገባው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ፋውል ሊሠራ ነው።

«ይኼ አሠልጣኝ ልጄን ባሕር ያሻገረው ሰው እንዲመታለት ነው እንዴ?» ይሉ ነበር እትዬ አሰለፈች። ሰው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም።

ነገሩን ያስረዳኝ አባቴ ነው። «ሰዓቱን አየሽው?» አለኝ በአንሶላው ጥግ ላይ የሚሮጡትን ቁጥሮች እያሳየኝ። «እየተመራን ነው። ያኞቹ ኳሱን ይዘው ዝም ብለው ቢዞሩ ጊዜው ያልቅና አለቀልን። ናቲ ሄዶ ሲይዘው ግን ዳኛው ይነፋል፣ ሰዓቱ ይቆማል።»

«ጥፋት አይደለም?»

«ጥፋትማ ጥፋት ነው። ግን ጊዜ ሲያልቅብሽ የሚሠራ ጥፋት ነው።»

ጋሽ ደምሴ ከኋላችን ሆነው «ሙሉውን ንገራት እንጂ» አሉ። «ሰዓቱ ሲቆም ያኛው ደግሞ የቅጣት ውርወራ ያገኛል። በነፃ የሚቆም ሰዓት የለም።»

አባቴ ያለውን ቃል በቃል ያዝኩ። የእሳቸው ግን በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ክርክሩ የሚጦፈው በሦስት ነጥብ እየመራን ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ነው፤ ኳሱ የእነሱ ነው፣ ከሩቅ ወርውረው ቢያገቡ ሦስት ነጥብ አግኝተው እኩል ይሆናሉ። ወንድም ታሪኩ፣ ድምፁ ከአዳራሹ የሚበልጥ ሰው፣ ከወንበሩ ተነስቶ «ያዘው! ሳይወረውር ያዘው! ሁለቱን ቢያገባም በአንድ እንመራለን!» ብሎ ይጮኻል።

«እጅህን ሰብስብና ተከላከል በለው» ይላል አባቴ። «የመጀመሪያውን ያገባል፣ ሁለተኛውን አውቆ ይስታል፣ ኳሱን ከቦርዱ ሥር ይለቅማሉ፣ በቃ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!»

«ስንቱ ነው አውቆ ስቶ ኳሱን መልሶ ያገኘው? ቁጠርልኝ!»

«አንዱ ይበቃኛል!»

ዳኞቹ ቪዲዮ ሊያዩ ወደ ጠረጴዛቸው ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ጦርነት ይነሳል። ታሪኩ ጨዋታው ካለቀ አራት ቀን ማለፉን ረስቶ «በሕግ አምላክ!» እያለ አንሶላውን ይማጸናል። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ጋሽ ደምሴ ይዞራል። ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ሻያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነው የሚያዩት፤ እስኪጠየቁም ድረስ አይናገሩም።

አንድ እሑድ ልክ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዳኛው ናቲ ላይ ነፋበትና ተሸነፍን። ምድር ቤቱ ተናወጠ። «በመጨረሻ ሰከንድ እንዲህ ያለ ፊሽካ ይነፋል?» አለ ታሪኩ። «ጨዋታውን ተጫዋቾቹ ይጨርሱት እንጂ! ዳኛ ምን አገባው!»

«ነክቶታል ወይስ አልነካውም?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ትንሽ ነካ አድርጎታል፣ ግን...»

«እንግዲያው ፋውል ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ፋውል የሆነ በመጨረሻውም ፋውል ነው። ሰዓት አይቶ የሚያዝን ከሆነ፣ እሱ ዳኛ አይደለም፣ ዘመድ ነው።»

«እርስዎማ በእናትዎም ላይ ይነፋሉ!»

«እናቴ ኳስ አልተጫወቱም። ወንድሜ ላይ ግን ነፍቻለሁ። ሁለት ዓመት ኩርፊያ ገባን።»

ሰው ሳቀ። እኔ ፈራሁ። የፈራሁት እሳቸውን ነው።

የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ባለፈ ሳምንት ዲቤንዶርፍን ጭጋግ ዋጣትና ሳይነሳ ሰነበተ። ከመስኮታችን የሚታየው የባቡር ሐዲድ እንኳ ጠፋ፤ ባቡሩ ሲያልፍ የምንሰማው ድምፁን ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ እናቴና አባቴ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማሁ።

«የጋሼ ነገር እንዴት ሆነ?» አለች እናቴ።

«የጥገኝነቱ መልስ ከዋና ከተማው ከበርን ይመጣል። እምቢ ካሉ፣ ደብዳቤው እጃቸው ከገባበት ቀን ጀምሮ ሠላሳ ቀን ነው ያላቸው። በሠላሳ ቀን ይግባኝ ካላሉ አለቀ።»

«እምቢ ይሉ ይሆን?»

አባቴ ቧንቧውን ከፍቶ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረ። መልሱ ገባኝ። እየተመራን ነው፣ ጊዜውም ሊያልቅ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ደግሞ ሰማሁ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ደብዳቤው እጅ ሲገባ ነው። እጅ ካልገባ አይጀምርም። የአንሶላው ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ታየኝ።

ከሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሳጥኑን ስከፍት ቢጫ ወረቀት አገኘሁ። አይንሽራይበን የሚሉት፣ ተፈርሞ የሚወሰድ ደብዳቤ አለ እዚያ። ሰው ቤት ከሌለ ፖስተኛው ቢጫ ወረቀት ትቶ ይሄዳል፣ ባለቤቱም በሰባት ቀን ውስጥ ፖስታ ቤት ሄዶ ይወስዳል። ጋሽ ደምሴ ማክሰኞ ጠዋት የጀርመንኛ ትምህርት ነበራቸው። ስማቸው በፖስተኛው የእጅ ጽሑፍ ተጣሞ ተጽፏል። ደረጃው ላይ ቆሜ ብዙ አላሰብኩም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ወሰድኩትና መንጠቆ ላይ በሚንጠለጠለው የስፖርት ቦርሳዬ ውስጥ፣ በቀኝ ጫማዬ ሶል ሥር አስቀመጥኩት። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እየረገጥኩት ሮጥኩ። ሶሉ ትንሽ ጎርበጥ ይል ነበር።

ሰባቱን ቀን በጣቴ ቆጠርኩ። በስምንተኛው ቀን ምንም አልሆነም። ፖሊስ አልመጣም፣ ማንም አልጮኸም። ሰዓቱን አቁሜዋለሁ አልኩ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። የዚያን እሑድ ናቲ ገብቶ ያንዱን ልጅ ክንድ ሲይዝ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ጋሽ ደምሴ ዞረው «ምን አገኘሽ አንቺ ደግሞ?» አሉኝ።

እሳቸው በየቀኑ ይጠይቁኛል። «ዛሬም የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«ይቆይ ግዴለም። የቆየ ነገር ታስቦበታል ማለት ነው።» ተስፋ እያደረጉ መጡ። ሁለተኛ የጀርመንኛ ደብተር ገዙ። በጸደይ ሠፈራችን ላሉ ልጆች ቅርጫት ኳስ ለማስተማር ከትምህርት ቤቴ ዘበኛ ጋር በምልክት ቋንቋ መነጋገር ጀመሩ። ዘበኛው ያልገባው ነገር ሁሉ ሲገጥመው ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ይህን ሁሉ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ የትምህርት ቤት የስፖርት ዕረፍት በተጀመረበት ዓርብ፣ ተራ ፖስታ መጣ። ቢጫ ወረቀት የለው፣ ፊርማ የለው። አባቴ ቤት ስለነበር እሱ ከፈተው። ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። የእምቢታው ውሳኔ ጥር ላይ ተልኳል። የሚወስደው አልተገኘም። ያልተወሰደ ደብዳቤ በሰባተኛው ቀን እንደተወሰደ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳው ቀን አልፏል። ጋሽ ደምሴ በተጠቀሰው ቀን አገሩን ለቀው እንዲወጡ።

ሰዓቱ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አልቆመም ነበር። እኔ እያጨበጨብኩ ሳለ ሲሮጥ ነበር።

እናቴ መሳቢያዎቹን ሁሉ ወለል ላይ ገለበጠች። አባቴ የቆሻሻ ወረቀቱን ክምር ፈታ። «ሊዲያ» አለኝ ተንበርክኮ ሳለ፣ «ቢጫ ወረቀት አይተሻል? የጋሼ ስም ያለበት?»

«አላየሁም።»

ጋሽ ደምሴ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

የስፖርት ቦርሳችንን ለዕረፍቱ ወደ ቤት እንድንወስድ ተነግሮን ስለነበር የእኔም ከበሩ ሥር ተቀምጧል። ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ቤቱ ሁሉ ሞቅ ያለ የጫማ ሽታ ይሸት ነበር። ጋሽ ደምሴ እንደ ወትሮው ሶሎቹን ማሞቂያው ላይ ደርድረዋል። የእኔም የስፖርት ጫማ ሶል ከዚያ መሃል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሶሎቹ ወደየጫማቸው ሲመለሱ ተደብቄ ጫማዬን አየሁ። ወረቀቱ አለ። ግን ያለው በግራው ጫማ ውስጥ ነው።

ተንሸራትቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወረቀት ከጫማ ወደ ጫማ እንደማይንሸራተት የአሥር ዓመት ልጅም ታውቃለች። ግን ማመን የፈለግኩት እሱን ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ዙሪክ ከሚገኝ የሕግ ምክር መስጫ ቀጠሮ ተገኘ። አባቴና እናቴ ሥራ ላይ ስለነበሩ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ያን ጊዜ የሁላችንም ቤት እንደዚያ ነበር፤ የትልልቆቹን ደብዳቤ፣ የትልልቆቹን ሐኪም፣ የትልልቆቹን ቢሮ ልጆች ነን የምናስተረጉመው። ሴትዮዋ ወጣት ናት፤ አንገቷ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥማለች፣ ለእኔ የፖም ጭማቂ ቀዳችልኝ። ወረቀቶቹን አየች፣ ከዚያ ቀስ እያለች ተናገረች፤ እኔ እንድከተላት ነው።

«ወረቀቱ ለምን እንዳልደረሳቸው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው። እሳቸው ራሳቸው ችላ ብለው ከሆነ ምንም ማድረግ አልችልም። ሌላ ሰው ጥሎት ወይም ደብቆት ከሆነ ግን፣ ያ ሰው ጽፎ ከፈረመልን፣ ያለፈው ጊዜ እንዲመለስላቸው ልንጠይቅ እንችላለን። ሰፊ በር አይደለም። ግን በር ነው።»

ሁሉንም ተረጎምኩ። «ሌላ ሰው ደብቆት ከሆነ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እሱንም አልኩት። ጋሽ ደምሴ ፊቴን አላዩም። ያዩት የጭማቂውን ብርጭቆ የያዘውን እጄን ነው። ሴትዮዋ ያልገባቸው መስሏት ልትደግም አፏን ከፈተች።

«ወረቀቱ ደርሶኝ ነበር፣ ረሳሁት በያት» አሉኝ።

«ጋሼ...»

«እንዳልኩሽ በያት፣ ሊዱ። አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም።»

በጀርመንኛ አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ተናገርኳት። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «እርግጠኛ ናቸው?» አለች። ያንንም ተረጎምኩ። «እርግጠኛ ነኝ» አሉ። መልሳቸውን ለማስተላለፍ ራሴን ነቀነቅኩላት።

ሕፃን ነበርሽ ሊለኝ የሚችል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ነበርኩ። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በየትኛውም ልናገረው እችል ነበር። ፈራሁ። አባቴን ፈራሁ፣ ፖሊስ ፈራሁ፣ በርን የሚባል አገር ሁሉ የሚሰበሰብብኝ መሰለኝ። እሳቸው ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት። ስንወጣ ደረጃው ላይ ጎንበስ ብለው ዚፔን ዘጉልኝ። በባቡሩ ውስጥ ዲቤንዶርፍ እስክንደርስ በመስኮት ጭጋጉን ሲያዩ ነበር።

የተባለው ቀን ከመድረሱ በፊት አንድ ጠዋት፣ ትንሽ ቦርሳ ይዘው ጄኔቫ ወዳለ ጓደኛቸው ሄዱ። ጫማ ማድረቁ ቀረ። አባቴ ፕላስተሩን ከሳጥኑ ላይ ሲልጠው ሙጫው አልለቀቀም፤ ስማቸው የነበረበት ቦታ ቆሻሻ እየያዘ ጠቁሮ ቀረ። እኔ ቁልፉን መልሼ ለእናቴ ሰጠሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

መጋቢት ውስጥ አንድ እሑድ አባቴ ይዞኝ ጄኔቫ ሄደ። ጋሽ ደምሴን ለመጨረሻ ጊዜ የምናያቸው መሆኑን አላወቅንም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድንበር ተሻግረው መሄዳቸውን ጓደኛቸው በስልክ ነገሩን፤ ወዴት እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም ነበር። ባቡሩ በርን ላይ ሲቆም የጣቢያውን ስም አነበብኩና ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ አሰርኩ። እስኪነሳ ድረስ ቀና አላልኩም።

ጓደኛቸው ጋሽ ሙሉጌታ ፓኪ ውስጥ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ በርበሬና ሽሮ የፀጉር ቅባትም የምትሸጥ ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ከመጋረጃው በስተጀርባ አንድ ቴሌቪዥንና ስድስት ወንበር አለ። ጋሽ ደምሴ እዚያ ነው የሚያድሩት። ከስተዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፍቷቸዋል። ሲያቅፉኝ ያው የካምፎር ሽታቸው አለ። «አደግሽ» አሉኝ፣ ከተለያየን ወር እንኳ ሳይሞላን።

የናቲን የመጨረሻ ጨዋታ ልናይ ነበር የተሰበሰብነው። የጄኔቫ ሰዎችም ሕጋችንን ያከብሩ ነበርና ውጤቱን የተናገረ የለም። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠራ ከረቫት ያሰረ ሰው፣ ገና ከጅምሩ አሠልጣኙን በእንግሊዝኛ ይሰድብ ጀመር። ጨዋታው እያለቀ በሦስት ነጥብ እንመራለን፣ ስድስት ሰከንድ ቀርቷል፤ ኳሱ የእነሱ ነው። አሠልጣኙ ናቲን አስገባው።

«አሁን ይይዘዋል!» አለ ባለከረቫቱ።

«አይያዝ!» አለ አባቴ።

ናቲ ዘገየ። ልጁ ለመወርወር ከመሬት ከተነሳ በኋላ ነው ክንዱን የመታው። ቴሌቪዥኑ ትንሽ ቢሆንም ሁላችንም አየነው። ዳኛው ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው። አልነፋም። ኳሱ የቅርጫቱን ጠርዝ መትቶ ወጣ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ አሸነፍን።

«ኦብቪየስ ፋውል! ግልጽ ጥፋት!» አለ ባለከረቫቱ፣ አሸንፈን እንኳ ተናዶ። «ሊወረውር ተነስቶ እኮ ነው የመታው! ሦስት ውርወራ ይገባው ነበር! ዘረፍናቸው!»

«በመጨረሻ ሰከንድ ማን ይነፋል ወንድሜ» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

«እሳቸው ይነፋሉ» አለ አባቴ እየሳቀ፣ ወደ ጋሽ ደምሴ እያመለከተ። «ንገሯቸው እንጂ ጋሼ።»

ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሱም። ያ የተመታው ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ክንዱን ይዞ ነበር።

«እኔም ብሆን አልነፋም ነበር» አሉ።

አባቴ ሳቁን አቆመ። «እንዴ! ሰዓት አይቶ የሚያዝን ዳኛ ሳይሆን ዘመድ ነው ያሉን እርስዎ አይደሉም?»

«ብያለሁ።»

ሰዎቹ ክርክራቸውን ቀጠሉ። ጫማዎቹ ትዝ አሉኝ፤ ቀኙ፣ ከዚያ ግራው። ወረቀቱ በራሱ አልተሻገረም። አባቴ ሰዓቱን አይቶ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው አለና ካፖርቱን ፍለጋ ወደ ሱቁ ወጣ። ጋሽ ደምሴ እንደ ድሮው ጎንበስ ብለው ዚፔን ያዙ። ከኪሴ ሁለቱንም እጆቼን አወጣሁ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ፋውል ነበር እኮ።»

ዚፑን ቀስ ብለው እስከ አገጬ አደረሱት።

«አይቻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።